ራክሳ የሚለው ቃል

ኮምፒዩተሩ ቤታችን የገባው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። ክረምቱ ተጋምሷል። የሳንግኬ ወንዝ ደፍርሶ ሞልቷል፤ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የቆመው ቤታችን ሥር ውሃው ገብቶ ተኝቷል፤ የጎረቤት ዳክዬዎች ከወለሉ በታች እየዋኙ ይንጫጫሉ። አባቴ ሞተር ብስክሌት በሚጎትተው ጋሪ ላይ ተቀምጦ፣ ያንን የተጠቀለለ ነገር እንደ ታመመ ሰው በሁለት እጁ አቅፎ መጣ። እናቴ ከደረጃው ጫፍ ሆና፣ ቀስ በል፣ ጭንቅላቱን እንዳታጋጨው ትለዋለች። እኔ ያን ጊዜ የወተት ጥርሴን እየቀየርኩ ነበር። ሰው መስሎኝ እግሩን ፈለግሁ። እግር አልነበረውም።

ብርድ ልብሱ ሲነሳ ትልቅ ጭንቅላት ብቻ ወጣ። ፊቱ ግራጫ መስተዋት ነው፤ ዓይን የለው፣ አፍ የለው። አባቴ ገመዱን ሶኬት ላይ ሲሰካው መጀመሪያ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ አጉረመረመ፤ ከዚያ ፊቱ ከውስጥ በኩል ቀስ እያለ ነጋ። ሌላ ቃል የለኝም፣ ነጋ ነው የምለው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ክፍሉ በደመና ጨልሞ ሳለ፣ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ጠዋት ወጣች።

አባቴ በባታምባንግ ከተማ ሂሳብ ያስተምር ነበር። ሰው ሁሉ መምህር ሳሬት ይለዋል። ኮምፒዩተሩን ያመጣውም ሂሳብ ሊሠራበት ሳይሆን ቋንቋ ሊያስተምረው ነው። መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጅ ቃል ብቻ ነበር። ዋና ከተማው ውስጥ ያሉ ጥቂት ሰዎች፣ የገበሬ ልጅ ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጥ በገዛ ቋንቋው በክሜር ያናግረው ብለው ተነሱ፤ ቃላቱንም ለፈቃደኛ ሰዎች በየአውራጃው አከፋፈሉ። ለእኛ ቤትም አንድ እሽግ ደረሰን። ለእያንዳንዱ የፈረንጅ ቃል የክሜር አቻ ተፈልጎለት፣ ሙታን ከሚታሰቡበት ከፕቹም ቤን በዓል በፊት ተሠርቶ መመለስ ነበረበት።

ሥራው የሦስት ሰው ሥራ ነው። አንዱ አባቴ፤ ሁለተኛው ቪራክ። ቪራክ ከዋና ከተማው ተልኮ የመጣ ወጣት ነው፤ የኮምፒዩተር ነገር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ድንበር ላይ በስደተኞች ሰፈር ነው የተወለደው። ሲስቅ ትከሻው ከአፉ ቀድሞ ይስቃል። ሦስተኛዋ ጎረቤታችን ዬይ ፋን ናቸው። ዬይ ማለት አያት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ አያቴ ይላቸዋል፤ የሥጋ የልጅ ልጅ ግን የላቸውም። ከጦርነቱ በፊት ንባብና ጽሕፈት አስተማሪ ነበሩ። አባቴን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ጸጉሩ ሸብቶ እንኳ ሲያናግሩት ጎንበስ ይላል።

ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ የሩዝ ኑድሏን ሸጣ ድስቷን ካጠበች በኋላ፣ ሦስቱ ጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጣሉ። የእኔ ቦታ ከጠረጴዛው ሥር ነበር። ጉንጬን ቀዝቃዛው ጣውላ ላይ አስተኝቼ፣ በጣውላው ስንጥቅ በኩል ከታች የሚሄደውን ውሃ አያለሁ፤ ከላይ ደግሞ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ውሃውና ንግግሩ አንድ ላይ ይሄዱ ነበር። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስደኝና ስነቃ ያው ቃል ላይ ሆነው አገኛቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ቃል አይጥ ነበር። ቪራክ በእጁ የሚገፋትን ባለ ጭራ ነገር አንስቶ፣ ፈረንጆቹ አይጥ ነው የሚሏት አለ። ዬይ ፋን፣ የተማረ ሰው ምን ብሎ አይጥ ጠረጴዛው ላይ ያወጣል ብለው ጠየቁ። እናቴ ከጓዳ ሆና፣ እኔ ቤት ከሩዙ ጆንያ የማይለቁ ሞልተዋል፣ በነፃ ውሰድ አለችው። ቪራክ ትከሻው ሳቀ። ከብዙ ክርክር በኋላ አይጧ አይጥ ሆና ቀረች።

ከዚያ መስኮት መጣ። ከዚያ ፎልደር የሚሉት፤ እሱን ዬይ ፋን መሳቢያ እንበለው አሉ፣ ወረቀት የሚቀመጠው መሳቢያ ውስጥ አይደል? ከዚያ ቫይረስ የሚባል በሽታ እንዳለ፣ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው እንደሚጋባ ቪራክ ተናገረ። እናቴ በማግስቱ መሣሪያውን በሎሚ ውሃ ወለወለችው፤ እኔንም እዚያ እንዳታስነጥሺ አለችኝ።

እኔ ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ሁሉንም ደማመርኩት። መስኮት አለው። መሳቢያ አለው። አይጥ አለው። ሲከፈት የሚታየው የመጀመሪያው ገጽ ደግሞ ቤት ይባል ተብሏል። እንግዲህ ቤት ነው። ቤት ከሆነ ደግሞ የሚኖርበት ሰው አለ ማለት ነው።

ያንኑ ሰሞን እናቴ ጸጉሬን እየጎነጎነች ስለ ዬይ ፋን ጠየቅኋት። ለምንድን ነው ብቻቸውን የሚኖሩት? እናቴ፣ ራክሳ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው፣ ጠፋችባቸው አለችኝ። እኔም አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ፣ ደረቅ ዓሣ ተራ ጋ ጠፍቼ አውቃለሁ። አንዲት ሴትዮ አገዳ ገዝታልኝ እናቴ እስክትመጣ በርጩማ ላይ አስቀምጣኛለች። ራክሳም እንደዚያው አንድ ቦታ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የምትጠብቅ መሰለኝ። አለቀሰች? ብዬ ጠየቅሁ። እናቴ ራሴን ቀና አደረገችውና ጉንጉኑን አጠበቀችው።

ራክሳ በእኔ ዕድሜ ሳለች፣ ሰው በገፍ በተገደለበት በክሜር ሩዥ አገዛዝ ዘመን፣ ልጆች ከወላጅ ተነጥለው ቦይ ሊቆፍሩ ሲነዱ አብራ ተነድታ ነበር። የት እንደደረሰች የነገራቸው የለም። ይህን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በቤታችን የሚባለው “ጠፋች” ብቻ ነበር።

አንድ ቀን፣ ዝናቡ በረድ ብሎ ከጣሪያው ጠርዝ በሚንጠባጠብበት ሰዓት፣ ሴቭ የሚባለው ቃል መጣ። ዬይ ፋን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ። ቪራክ፣ ኮምፒዩተሩ ሁለት ዓይነት ትውስታ አለው ብሎ ያስረዳቸው ጀመር። አንደኛው አጭር ነው፤ በእርጥብ ጣት ጣውላ ላይ እንደ መጻፍ ነው። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይደርቃል። ሁለተኛው ረጅም ነው፤ ቢያጠፉትም፣ ዓመት ቢቆይም ይዞ ይገኛል። ሴቭ ማለት ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ማሻገር ነው።

“ሳያሻግሩት መብራት ቢጠፋስ?” አሉ ዬይ ፋን።

“እንዳልነበረ ይሆናል፣ ዬይ።”

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ከሥር ሆኜ እግሩን አያለሁ፤ የእግሩን አውራ ጣት ያጥፍና ይዘረጋ ነበር። “ዬይ፣ እኔ አንድ ቃል መጥቶልኛል” አለ፤ “ግን ካልወደዱት እተወዋለሁ። ራክሳ ብንለውስ?”

ራክሳ በእኛ ቋንቋ ጠብቆ ማቆየት ማለት ነው። የመጻሕፍትና የመነኮሳት ቃል ነው፤ እኛ ቤት በየዕለቱ የሚነገር አልነበረም። እኔ የማውቀው የልጅቷ ስም ሆኖ ብቻ ነው። ዬይ ፋን ከንፈራቸውን ያቀላውን የሚታኘክ ቅጠል ከአፋቸው ሲያወጡ ሰማሁ።

“ቃሉ ጥሩ ነው” አሉ። “ለልጄ ያወጣሁትም ጥሩ ስለሆነ ነው። ጻፈው፣ ሳሬት።”

የማይገባኝ ነገር አልነበረም። ልጅቷ ጠፍታ ቆይታ እነሆ ተገኝታለች፤ የመስተዋቱ ቤት ውስጥ ናት። አንድ ክረምት ሙሉ ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ስሟን ፈልገው ሊጠሯት ኖሯል። ራክሳ ካልተባለ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል ሲል ቪራክን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዬን ስሆን መስተዋቱ ፊት እቆማለሁ። ተዘግቶ ሳለ ውስጡ አንዲት ልጅ በደብዛዛው ትታየኛለች፤ ሁለት ጉንጉን አላት፣ የፊት ጥርስ የላትም። እጄን ስዘረጋ እጇን ትዘረጋለች። ፈገግ ስል ፈገግ ትላለች። ራሴን አላወቅሁትም ማለት ይከብዳል፤ መስተዋት እኛም ቤት ነበር። ግን በዚያ ዝናብ ውስጥ፣ በዚያ ግራጫ መስተዋት ላይ፣ እሷ ትሁን ብዬ ስፈልጋት እሷ ትሆናለች።

ቀጥሎ የመጣው ቃል ዲሊት ነው። እሱ ላይ ተጣበቁ። ቪራክ ማጥፋት ማለት ነው ብሎ ግን ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር ኮምፒዩተሩ አያጠፋም አለ። ከመዝገቡ ላይ ስሙን ብቻ ነው የሚያነሳው። ነገሩ ራሱ ያለበት ቦታ እንዳለ አለ፤ ሌላ ነገር መጥቶ ቦታውን እስኪይዝበት ድረስ። ዬይ ፋን ይህንን ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ስሙ ብቻ? ስሙ ብቻ፣ ዬይ። እሱ ግን አለ? አለ፣ የሚጠራው ስለሌለ ነው የማይመጣው። ቃሉ ሳይገኝ ያን ቀን ተለያዩ።

በማግስቱ ቪራክ ቀደም ብሎ መጣ። አባቴ ገና ከትምህርት ቤት አልተመለሰም። ቪራክ ሊያስደንቃቸው ፈልጎ፣ እስከዚያ የተስማሙባቸውን ቃላት መሣሪያው ውስጥ አስገብቶ፣ የቀረውን ቃል ከራሱ ጨምሮበታል። ዬይ ፋን ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ እናቴ እጇን እየጠረገች ከኋላቸው ቆመች፤ እኔም ከሥር ወጥቼ በክርናቸው ሥር ተሸጎጥኩ። ቪራክ አይጧን ነካ ሲያደርጋት መስተዋቱ መሐል አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ፊደሎቹ የእኛ ነበሩ፤ ክብ ክብ፣ ራሳቸው ላይ ጸጉር ያላቸው። እናቴ አጨበጨበች።

ዬይ ፋን መነጽራቸውን አደረጉና እንደ አስተማሪ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

“ምን ይደረግ?” ይላል። ከሥሩ ሁለት ቃል ጎን ለጎን ተቀምጧል።

“ራክሳ” ብለው አነበቡ። ጣታቸው ወደ ሁለተኛው ቃል ሄደ። “ደምስስ።”

ጣታቸው እዚያው ቀረ። እናቴ ማጨብጨቧን ካቆመች ቆይታለች። ቪራክ እየሳቀ፣ ጠንከር ያለ ቃል ነው፣ ሰው ሳያስብ እንዳይነካው ብዬ ነው አለ። ዬይ ፋን መነጽራቸውን አወለቁ፤ በልብሳቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አላደረጉትም። ተነስተው ደረጃውን ወረዱ። ጃንጥላቸው በሩ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። በጣውላው መሻገሪያ ላይ፣ ዝናቡ ጀርባቸውን እያራሰው፣ ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው።

አባቴ ሲመጣ ቪራክን ወደ በረንዳው ወሰደውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ብዙ ነገረው። የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው። “ያንን ቃል በክሜር ሩዥ ጊዜ በድምፅ ማጉያ ነበር የሚሉት” አለ አባቴ። “ስም ይጠሩና፣ ከዚያ ቃሉን።” ቪራክ የበረንዳውን እንጨት ይዞ ወደ ውሃው ጎንበስ አለ።

እኔ የገባኝ ሌላ ነው። መሣሪያው ጥያቄ ጠይቋል፦ ራክሳ ትምጣ ወይስ ትደምሰስ? ዬይ ፋን ደግሞ መልስ ሳይሰጡ ወጥተዋል። ደንግጠው ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ወይም የልጅቷን መኝታ ሊያነጥፉ።

ከዚያ በኋላ ዬይ ፋን ቀሩ። እናቴ ምግብ ትልካለች፤ ሳህኑ ታጥቦ ይመለሳል፤ እሳቸው ግን አይመጡም። ቪራክ ቃሉን ቀይሬ ልላከው፣ ቀኑ እየደረሰ ነው አለ። አባቴ እምቢ አለ። ያለ እሳቸው አንድ ቃል እንኳ ከዚህ ቤት አይወጣም፣ ዋና ከተማው ይጠብቅ ወይም ለሌላ ይስጠው አለ። እናቴ አበባ ያለበት ጨርቅ መሣሪያው ላይ ጣል አደረገችበት። እኔን ሥራው አላሳሰበኝም። እኔን ያሳሰበኝ ከጨርቁ ሥር በጨለማ የተቀመጠችው ልጅ ናት።

ስለዚህ አንድ ከሰዓት መሻገሪያውን ብቻዬን ተሻገርኩ። ዬይ ፋን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ውሃ ላይ የሚያብብ የሎተስ አበባ ፍሬ ይፈለፍሉ ነበር። ውሃው ከሥራቸው ሰማይ መስሎ ተኝቷል፤ ደመና በውስጡ ይሄዳል። አረንጓዴውን ቆብ ሰብረው ፍሬውን ያወጣሉ፤ ፍሬውን ከፍተው መሐሉ ያለውን መራራ ነገር በጥፍራቸው ነቅለው ይጥላሉ። አንዱን አፌ ውስጥ አደረጉልኝ።

“ዬይ፣ ራክሳ እየጠበቀችዎት ነው” አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ። “ማን ነገረሽ?”

“ኮምፒዩተሩ ውስጥ ናት። ቤት አለው እኮ፤ መስኮትም መሳቢያም አለው። ቪራክ ስሟ ብቻ ነው የተነሳው፣ እሷ ያለችበት አለች ብሏል። እርስዎ መልስ ሳይሰጡት ነው የወጡት። መብራት ቢጠፋስ?”

ዳክዬዎቹ ከበረንዳው ሥር አለፉ።

“ምን ብዬ ልመልስለት ነበር?” አሉኝ በመጨረሻ።

“ራክሳ ነዋ።”

ከደረታቸው አንድ ድምፅ ወጣ፤ የሳቁ መሰለኝና እኔም ሳቅሁ። ዛሬ ያ ድምፅ ሳቅ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ግን እኔ ስስቅ ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ መጨረሻው እውነትም ወደ ሳቅ ዞረ። ንጹሕ ሸሚዝ ለበሱ። እጄን ይዘውኝ ተሻገርን።

ቪራክ እኛ ቤት ነበር። ሲያያቸው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ሁለት መዳፉን ገጥሞ እስከ ግንባሩ አነሳ። ዬይ ፋን እጃቸውን ራሱ ላይ ጣል አደረጉ።

“አንተ ያን ጊዜ አልነበርክም” አሉት። “ባለመኖርህ ደስ ይለኛል፣ ልጄ። አሁን ተነስና ጨርቁን አንሳው።”

መሣሪያው ሲነጋ ተቀመጡ። ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስጨርስ ልጆቹን ምን እል ነበር? ብለው አባቴን ጠየቁት። አባቴ እንደ ተማሪ ቆሞ፣ አብሱ ይሉን ነበር አለ። እንግዲያውስ አብስ ይባል አሉ ዬይ ፋን። ከታበሰ በኋላ ሌላ ይጻፍበታል፤ ማንም አይሞትበትም። አባቴ ጻፈው።

ከዚያ እንሞክረው አሉ። እሳቸው እየተናገሩ ቪራክ ፊደሎቹን አንድ በአንድ መታ። በመስተዋቱ ላይ ክቦቹ ፊደሎች ተደረደሩ። ቪራክ ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው፦ ራክሳ። የፋን ልጅ። የታማሪንድ ፍሬ ትወዳለች። ዝይ ትፈራለች።

ዬይ ፋን ጽሑፉን ለረጅም ጊዜ አዩት። የተማሪ ጽሑፍ እንደሚያርም ሰው ቅንድባቸው ተሰብስቧል።

“አንድ ቃል ይጎድለዋል” አሉ።

“የቱ ጋ፣ ዬይ?” አለ ቪራክ።

“ትወዳለች የሚለው ጋ። ትፈራለች የሚለውም ጋ።” ትንፋሽ ሳቡ። “ነበር ጨምርበት።”

ቪራክ ጨመረው። እናቴ ፊቷን ወደ ጓዳው አዞረች። ዬይ ፋን አይጧን በመዳፋቸው ሸፈኗት፤ ቪራክ እጃቸውን ሳይነካ በጣቱ አቅጣጫውን አሳያቸው፤ ሳጥኗ ብቅ ስትል ራክሳ የሚለውን ተጫኑ።

እኔ ሮጬ ከመሣሪያው ጀርባ ሄድኩ፤ በዚያ በኩል የምትወጣ መስሎኝ። ገመድ፣ አቧራ፣ አንዲት የግድግዳ እንሽላሊት ብቻ ነበሩ። ዞሬ ስመለስ አባቴ ያለቅስ ነበር፤ ልጅቷ ስላልወጣች አዝኖ ይሆናል አልኩ። ግን ወዲያው ዬይ ፋን ለእናቴ ሲናገሩ ሰማሁና ተጽናናሁ። ዘንድሮ ለፕቹም ቤን በመነኮሳቱ መቅደስ በፓጎዳው ውስጥ የራክሳን ስም አስጠራለሁ አሏት።

ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። በመሣሪያው በኩል ሳይሆን በፓጎዳው በኩል ነው የምትመጣው።

በዚያ በዓል ስማቸው የሚጠራው ሙታን ናቸው፤ ስማቸውን ሰምተው እየራባቸው ይመጣሉ፣ ዘመድም ያበላቸዋል ይባላል። ዬይ ፋን በየዓመቱ የእናት አባታቸውን ስም፣ የባላቸውን ስም ለመነኮሳቱ ይሰጡ ነበር፤ የልጃቸውን ስም ግን አንድም ጊዜ ሰጥተው አያውቁም። ስሟን ሳይሰጡ እኔ እስክወለድና ጥርሴን እስክቀይር ቆይተዋል። እናቴ ያን ቀን ይህን ሰምታ ጓዳ ገብታ የቆየችው ለዚህ ነው።

ቃላቱ በጊዜያቸው ተላኩ። በዓሉም ደረሰ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰን፣ እናቴ በሙዝ ቅጠል የጠቀለለችውን ሩዝና ዓሣ ተሸክመን፣ በጀልባ ወደ ፓጎዳው ሄድን። ሁሉም ነጭ ለብሷል፤ ውሃው ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎችን የያዙ ብዙ ጀልባዎች ወደ አንድ ቦታ ይሄዳሉ። ሰርግ መሰለኝ። ዬይ ፋን ጀልባዋ ጫፍ ላይ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ተቀምጠዋል፤ አፋቸውን ከቅጠሉ አጥበውታል፣ ከንፈራቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን መነኮሳቱ ተደርድረዋል፤ አንዱ በዜማ ስም ያነባል። ስሙ ብዙ ነው፤ ማለቂያ የለውም፤ ዜማው እንደ ውሃው ይሄዳል። ዓይኔ ሊከደን ሲል “ራክሳ፣ የፋን ልጅ” የሚለውን ሰማሁ። ዬይ ፋን መዳፋቸውን ገጥመው አጎነበሱ። ግንባራቸው ምንጣፉን ነካ።

ሁሉም ወደ ፊት ሲያጎነብስ እኔ ወደ በሩ ዞርኩ።

በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ዝናብ መትቷታል፤ ጸጉሯ ከአንገቷ ተጣብቋል። በአንድ እጇ ተደራራቢ ምሳ ዕቃ ይዛለች፤ ጫማዋን አውልቃ መቀመጫ እየፈለገች ታማትራለች። ትልቅ ሰው መሆኗ አላስገረመኝም፤ ከጠፋች ብዙ ጊዜዋ ነው፣ አድጋ ይሆናል። ተነስቼ እጅጌዋን ያዝኩ። እዚህ ጋ ነን፣ ቦታ ይዘንልሻል አልኳት። አዳራሹ ሞልቶ ስለነበር ሳይሆን አይቀርም፣ ፈገግ ብላ ተከተለችኝ። ከወንዙ ማዶ የመጣች፣ ጀልባዋ የዘገየባት የማላውቃት ሴት ነበረች። ይህን ለማወቅ ብዙ ዕድሜ አላስፈለገኝም፤ ያን ጊዜ ግን አላወቅሁም።

ዬይ ፋን ቀና ሲሉ አጠገባቸው አገኟት። አዩዋት። እኔን አዩኝ። እኔ እየፈነደቅሁ ነበር። ከዚያ ጉልበታቸውን ሰብሰብ አድርገው ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቁላት፤ ከትከሻቸው ነጭ ነጠላቸውን አውርደው ጸጉሯን እንድታደርቅበት ሰጧት።

መነኮሳቱ በልተው ሲነሱ፣ እናቴ ምግባችንን ዘረጋች። ዬይ ፋን ከሁሉ በፊት ለሴትዮዋ አቀረቡላት። ዓሣውን እሾሁን እየለቀሙ ሩዟ ላይ አደረጉላት። ሴትዮዋ መጀመሪያ አፈረች፤ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው ሁሉ የመነኮሳቱ ስለነበረ ለራሷ ምንም አልቀመሰችም። ከዚያ በላች፤ ጎንበስ ብላ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች በላች። ዬይ ፋን የራሳቸውን ሳህን ሳይነኩ እስክትጨርስ ድረስ አዩዋት። ጨርሳ እጇን ገጥማ አመስግና፣ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ከሰዉ ጋር ወጣች። እኔ ልትሄድ በመሆኗ ለቅሶ ቃጣኝ፤ ዬይ ፋን ግን እጄን በመዳፋቸው ውስጥ ያዙትና ትሂድ፣ ትሂድ አሉኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዝናቡ ቆሞ ነበር። አባቴ ይቀዝፋል፤ ውሃው ላይ የጀልባዋ ድምፅ ብቻ ይሰማል። እኔ በዬይ ፋን ጭን ላይ ተጋድሜ እንቅልፍና ንቃት መሐል ነኝ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያቺ ሴት ማን ነበረች፣ ያውቋታል? ስትል ሰማሁ።

“አላውቃትም” አሉ ዬይ ፋን። እጃቸው ጸጉሬ ላይ ነበር። “ርቧት ነበር።”